የሸኖ ቅቤና አይብ፦ ነፍሰ ጡር ምን ትግዛ፣ ምን ትተው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ሸኖ ላይ ሳይቆም ማለፍ ይከብደዋል። ለጋው ቅቤ ስሙን ያተረፈው በከንቱ አይደለም፤ መዓዛው ንጹሕ ነው፣ ለማንጠርም ይመቻል። ነፍሰ ጡርም አንጥራ ብትበላው ስጋት የለውም፤ ውሃው ተኖ አረፋው እስኪጠፋ የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ሊስቴሪያ (በጥሬ ወተት ሊኖር የሚችል፣ ጽንስ የሚጎዳ ጀርም) አይተርፍም።

አይቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን ከነጥሬው አንመክረውም። አሬራው ብዙ ጊዜ የሚረጋው ለስላሳ እሳት ላይ ተጥዶ ነው፤ በደንብ ካልሞቀ ጀርሙ ይተርፋል። በደንብ ቢሞቅ እንኳ በኋላ በእጅ ይጨመቃል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ሳፋ ላይ ይቀመጣል። ከሸኖ መሸጫ ቤቶች በአንዱ ጥሬ ወተት የተቀዳበት ጣሳ ሳይታጠብ አይቡን ሲዝቅ ይታያል። «ፍሪጅ ውስጥ ነው ያደረው» ቢባልም ዋስትና አይሆንም፤ ሊስቴሪያ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ይራባል። አምሮት ካለ አይቡን ከጎመኑ ጋር ድስት ውስጥ አግብቶ እንፋሎቱ እስኪወጣ ማሞቅ ነው፤ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ከላይ መነስነስ አይበቃም።

ጥሬ ወተቱም መፍላት አለበት። ብሩሴላ የተባለ ጀርምም ሊኖረው ይችላል፤ ይህም እንደ ሊስቴሪያ ጽንስ ያስወርዳል። አረፋው ቀድሞ ስለሚነሳ እያማሰሉ ሙሉ በሙሉ ማፍላት ይሻላል። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎም ያው ነው፤ ኮምጣጣነቱ ጀርሙን ቢያዳክም እንጂ ጨርሶ አይገድለውም።

በሊስቴሪያ የተያዘች እናት የሚሰማት ቀለል ያለ ትኩሳትና ቁርጥማት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃኑን ግን ለደም መመረዝና ለማጅራት ገትር ይዳርገዋል። ምልክቱ ከተበላ እስከ 70 ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ትኩሳት ሲኖር ጥሬ ወተት ወይም አይብ መበላቱን ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። በጊዜ ከተደረሰ በአንቲባዮቲክ ይታከማል።

ለአራስ ጥየቃ ቅቤ ይዞ መሄድ ደግ ነው፤ የእናትየዋ ገንፎ ላይ ይፍሰስ። ሕፃኑን ማስላስ ግን ይቅር፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። እትብት ላይ መቀባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በዚያ ይገባል። እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ዳይፐሩ ከበታቹ ይታሰር። ጤና ጣቢያ ክሎርሄክሲዲን ጄል (ጀርም ገዳይ ቅባት) ከሰጠ በታዘዘው መሠረት እትብቱ ላይ ብቻ ይቀባ፤ ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል፣ ስለዚህ ከዓይን ቅባት ጋር አንድ ቦታ አይቀመጥ።