ሳይለንት ሂል 2 ልትገዙ ነው? ሲዲውን ገልብጡና እዩ

ብሩ ከእጄ ከወጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ንዴቱ አልወጣልኝም። የያትዚን ሪቪው አይታችሁ «ይሄን ጌምማ ሳልጫወተው አላልፍም» ብላችሁ ሳይለንት ሂል 2 የተባለውን አስፈሪ ጌም ለመግዛት ወደ ሲዲ ሻጭ ልትሄዱ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። (የጌሞቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ያትዚን፣ በእውነተኛ ስሙ ቤን ክሮሾውን፣ ታውቁታላችሁ። ከ2007 ጀምሮ ቢጫ መደብ ላይ በሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ሥዕሎች፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጌሙን አራግፎ የሚጥለው ሰውዬ ነው። በ2023 ኅዳር ላይ ከድሮ ድረ ገጹ ከቪዲዮ ባልደረቦቹ ጋር ለቅቆ ከወጣ በኋላም በሌላ ስም ያንኑ ሥራ ቀጥሏል። ነጥብ አይሰጥም፤ ከአሥር ስንት ብሎ ነገር እሱ ዘንድ የለም። ስለዚህ እኛ ተከታታዮቹ የምንይዘው ስም ነው፤ የቱን አወደሰ፣ የቱን ከየትኛው ጋር አወዳደረ። ደጋግሞ ከሚያወድሳቸው በጣም ጥቂት ጌሞች አንዱ ደግሞ ሳይለንት ሂል 2 ነው። ከዚሁ የሳይለንት ሂል ተከታታይ አንዱ የሆነውን ሆምካሚንግን በ2008 ሲያብጠለጥል መለኪያው ይኸው ጌም ነበር። በመካከላችን ክርክር በተነሳ ቁጥርም መልሱ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ሁለተኛውን ተጫወትና እንነጋገራለን»።

ማናችንም ግን የትኛውን ሁለተኛ እንደሆነ አንናገርም። ሻጮቹ የሚገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው።

ሱቁ የምታውቁት ዓይነት ነው። ከፊት የስልክ መሸፈኛ ተሰቅሏል፣ ከመስታወቱ ሥር ጆይስቲክና ሲዲ ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ፊፋ የሚታይበት ቲቪ አለ። «ሳይለንት ሂል ሁለት፣ ዋናው፣ የድሮው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ዋናው» እና «የድሮው» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሆን ብዬ ነው የጨመርኳቸው። ልጁ የፕሌስቴሽን 3 ሲዲ አወጣና «ራሱ ነው፣ ሦስተኛውም አብሮ አለበት፣ ጥራቱ ደግሞ ከድሮው ይበልጣል» አለኝ። ሽፋኑ ላይ «ኤችዲ ኮሌክሽን» የሚለውን አይቻለሁ። አይቼዋለሁ! ኤችዲ ማለት ያው ጌም ምስሉ ጠርቶ ማለት ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ስለዚህ ጌም ስንት ዓመት ሳነብ ኖሬ እዚያ ላይ አለመቆሜ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

«ይሞከርልኝ» አልኩ። ሲዲውን ከተተው። ሁለቱ ጌሞች የሚመረጡበት ገጽ መጣ፣ ሁለተኛውን ነካው፣ ርዕሱ ከነሙዚቃው ወጣ። ኒው ጌም የሚለውን ልጫን ለጆይስቲኩ እጄን ስዘረጋ፣ ጆይስቲኩን ወደራሱ ሳብ አደረገና መሃሉ ላይ ያለችውን የፒኤስ ቁልፍ ተጭኖ ከጌሙ ወጣ። «አየህ፣ ይሠራል።» ፊፋው ተመልሶ መጣ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ያቺን ቁልፍ ሲጫን ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም፤ ምክንያቱም በዚህ ሲዲ የርዕሱ ገጽ ምንም እንከን የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ኒው ጌም ከተጫናችሁ በኋላ ነው፤ ልጁም አሳምሮ ያውቀዋል።

አሁን ሲዲው ላይ ያለውን በትክክል ልንገራችሁ። ኤችዲ ኮሌክሽን በ2012 መጋቢት ለፕሌስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 የወጣ ነው። በውስጡ ሁለተኛውና ሦስተኛው ብቻ አሉ፤ አንደኛውም አራተኛውም የሉም። ልብ በሉ፣ ያትዚ ሆምካሚንግን ከሁለተኛው ጋር ሲያወዳድር 2008 ነበር፤ ይህ ሲዲ ያኔ ገና አልተሠራም። ያወደሰው ቲም ሳይለንት የተባለው የኮናሚ ቡድን በ2001 ለፕሌስቴሽን 2 ያወጣውን ነው።

ልዩነቱ ጉሙ ላይ ነው። ፕሌስቴሽን 2 ሩቅ ያለውን ነገር ሁሉ የመሳል አቅም አልነበረውም። ቡድኑ ያንን ድክመት በጉም ሸፈነው፣ ሽፋኑም የጌሙ ነፍስ ሆነ። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ጄምስ ሰንደርላንድ ጌሙ ከሚጀምርበት መጸዳጃ ቤት ወጥቶ ወደ ከተማው በሚያወርደው የጫካ መንገድ ብቻውን ሲሄድ፣ አምስት እርምጃ ፊቱ ያለው አይታይም፤ የእግሩ ኮቴ ብቻ ይሰማል። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ኤችዲው ላይ ይህ ጉም ሳስቷል። ሊታይ የማይገባው ሁሉ ይታያል፤ ሐይቁ ላይ ውኃው እንደተቀደደ ጨርቅ በድንገት ያልቃል። ከመቃብሩ ወደ ከተማው ስታልፉ የምታገኙት የሳይለንት ሂል ራንች ሰሌዳ ደግሞ በኮሚክ ሳንስ ፎንት ተጽፏል፤ የሕፃናት ልደት መጥሪያ ላይ የምናየው ፎንት። ሚስቱ ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ ደብዳቤዋ የደረሰው ሰው እያለፈ ያለው በዚያ ሰሌዳ ሥር ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሥራውን የተረከበው ሃይጂንክስ ስቱዲዮስ የተሰጠው ኮድ የመጨረሻው አልነበረም። ኮናሚ መዝገቡ ውስጥ ያገኘው ጌሙ ከማለቁ በፊት የነበረውን ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ቶም ሁሌት ይህንን በይፋ ተናግሯል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቲም ሳይለንት በ2001 አርሞ የጨረሳቸውን ስህተቶች እንደገና ማረም ነበረባቸው፣ ወደ አዲሱ ማሽን ሲያዞሩት የተፈጠሩት ደግሞ በላዩ ተጨመሩ። ሰዎቹን አልወቅስም። እንዲህ ያለውን ነገር ካልተጠናቀቀ ኮድ መልሶ መገንባት ከባድ ነው። የምወቅሰው ይህንን እያወቀ «ከድሮው ይበልጣል» ብሎ የሚሸጠውን ነው።

ድምፁም ተቀይሯል። ጋይ ሲሂ የተጫወተው የጄምስ ድምፅ ፈዘዝ ያለ፣ የነቃ ሰው የማይመስል ነው፤ ብዙዎቻችን የምንወደው ለዚያ ነው። ኤችዲው ላይ በትሮይ ቤከር ተተክቷል። ሁለተኛውን ስትጀምሩ የድሮውን ድምፅ መምረጥ ትችላላችሁ፤ ሲዲው እጃችሁ ላይ ከቀረ ቢያንስ ይህን አድርጉ። ሦስተኛው ላይ ግን ምርጫ የለም፣ አዲሱ ድምፅ ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ምስሉም ይንቀራፈፋል፤ ጠላት ሲመጣና ካሜራው ሲዞር መቆራረጡ ግልጥ ብሎ ይታያል።

ለፕሌስቴሽን 3 በ2012 ማስተካከያ ፓች ወጥቷል፤ ያነጣጠረው መንቀራፈፉንና የድምፁን አለመገጣጠም ነው። ለኤክስቦክስ 360 ግን ኮናሚ ፓቹን ሰርዞታል፤ ስለዚህ የ360ውን ሲዲ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ ፓቹ ሲዲው ላይ አይጻፍም፣ ማሽኑ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው የሚጫነው። ሻጩ «የእኔ አፕዴት የተደረገ ነው» ካላችሁ የራሱ ማሽን ነው አፕዴት የተደረገው። ሲዲውን ቤት ስትወስዱት ያለ ፓች ነው የሚነሳው። ክራክ በተደረገና ኢንተርኔት በማይነካ ማሽን ላይ ጌም የምታስጭኑም ተጠንቀቁ፤ ጫኙ አብዛኛውን ጊዜ የጌሙን ፎልደር ብቻ ገልብጦ ይሰጣችኋል፣ ፓቹ ለብቻው የሚጫን ፋይል ነው።

በማግስቱ ሲዲውን ይዤ ተመለስኩ። በትሕትና ነው የጀመርኩት፤ «ወንድሜ፣ የጠየቅሁህ ይሄን አልነበረም።» ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሠርቷል አይደል? የሠራ ሲዲ አይመለስም።» ጉሙን ነገርኩት። ያኔ ነው ቀና ያለው፤ እኔን ሳይሆን ፊፋ የሚጫወቱትን ልጆች እያየ፣ «ጉም ጠፋብኝ ብሎ መጣ እኮ» አላቸው። ሳቁ። «ዩቲዩብ ላይ ፈረንጅ ሲሳደብ እያያችሁ እዚህ መጥታችሁ ታደርቁናላችሁ» ብሎ ጨመረበት። ብሩ አይደለም ያቃጠለኝ። ሲሸጥልኝ ጌሙን የሚያውቅ ሆኖ፣ ስመልስ ደግሞ ጌሙን ማወቅ እንደ እብደት የሚቆጠርበት መሆኑ ነው።

ዋናውን የምትፈልጉ፣ መንገዱ ይህ ነው። የ2001ዱ ሲዲ ፕሌስቴሽን 2 ላይ ይጫወታል፤ ፕሌስቴሽን 3 ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የወጡት ወፍራሞቹ ላይ እንጂ ስሊሙ ላይ አይነሳም፣ 4 ላይም አይነሳም። ፕሌስቴሽን 2 ደግሞ ሪጅን፣ ማለትም ሲዲው የተሠራለትን አህጉር፣ ይመርጣል። ከጀርባ ኤስ.ኤል.ኢ.ኤስ. የሚል ቁጥር ያለው የአውሮፓ ነው፣ ኤስ.ኤል.ዩ.ኤስ. ካለ የአሜሪካ ነው፤ ከማሽናችሁ ጋር ካልገጠመ አይከፍትም። ቁጥሩ በቢ.ኤል. ከጀመረ የፕሌስቴሽን 3 ነው፣ ማለትም ኤችዲው ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል። ኮምፒውተር ያላችሁ የድሮውን የፒሲ ቨርዥን ካገኛችሁ፣ አድናቂዎች በነፃ የሠሩት ኢንሃንስድ ኤዲሽን የሚባል ማሻሻያ አለ፤ ጉሙንም፣ ድምፁንም፣ ሰፊ ስክሪኑንም አስተካክሎ ይሰጣችኋል። በ2024 ብሉበር ቲም ለፕሌስቴሽን 5 እና ለፒሲ ያወጣው ደግሞ ከዜሮ የተሠራ ነው፤ ካሜራው ከትከሻ ጀርባ ነው፣ ውጊያውም ሌላ ነው። መጥፎ ነው አልልም፤ በ2008 የተወደሰው ግን እሱ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ሲሞከርላችሁ ጆይስቲኩ እናንተ እጅ ላይ ይሁን። ኒው ጌም ተጫኑ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ውጡ፣ የጫካውን መንገድ ውረዱ። ጊዜ የለኝም ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ደረሰኝም ተቀበሉ፣ የሲዲው ሙሉ ስም ይጻፍበት። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሳችሁ እንዲቀየር ወይም ብራችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ምን እንደገዛችሁ የሚያሳይ ወረቀት ግን ያስፈልጋችኋል። የእኔ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «ጌም 1» ብቻ ነው።