የቴልቴል ጌም ኦፍ ትሮንስ፦ የፎሬስተሮች መከራ

ጌም ኦፍ ትሮንስ የተባለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ለወደደ ሰው ይሄ የቴልቴል ኩባንያ የሠራው ጌም የግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 በ6 ክፍል የወጣ ሲሆን፣ በድራማው ለሚታወቀው የስታርክ ቤተሰብ ታማኝ የሆነው የፎሬስተር ቤተሰብ አይረንዉድ የሚባለውን ጠንካራ እንጨቱን ከጠላቶቹ ከኋይትሂል ቤተሰብ ለማዳን የሚያየውን ፍዳ ያሳያል። ውጊያው ትንሽ ነው። ዋናው ሥራችሁ ሰዓቱ እየሮጠ መልስ መምረጥ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ አንጀት ይበላል። ገና ልጅ የሆነው ኤታን በአባቱ ቦታ ተቀምጦ ከድራማው የምናውቀውን ጨካኙን ራምሴ ስኖውን ያስተናግዳል። ብትለማመጡትም ብትደፍሩትም ራምሴ አንገቱ ላይ ቢላ ይሰካበታል። ትዕይንቱ ድንቅ ነው፤ ግን ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው፣ ምርጫችሁ ብዙ ጊዜ የሚለውጠው ሰው የሚላችሁን እንጂ የሚደርስባችሁን አይደለም። አምስተኛው ክፍል ላይ ግን ከሁለት ወንድማማቾች አንዱን ለሞት መተው አለባችሁ፣ ያ ምርጫ የምር ነው።

ሥዕሉ እንደ ቀለም ቅብ ሆኖ አንዳንዴ ጠርዙ ይደበዝዛል። ድምፁ ግን አንደኛ! የድራማው ተዋንያን ፒተር ዲንክሌጅና ሊና ሂዲ ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት። የሚያናድደው፣ ሁለተኛው ሲዝን ሳይመጣ ቀረ፤ ስለዚህ ብዙ ነገር ተንጠልጥሎ ነው የሚያልቀው። ንግግሩ ፈጣን እንግሊዝኛ ስለሆነ ከስር የሚወጣውን ጽሑፍ አብሩት።