የፊት መብራት ከፍታ፦ በግድግዳ ወይስ በጋራዥ መሣሪያ?

የመኪናን የፊት መብራት ከፍታ ለመለካትና ለማስተካከል እኔ ግድግዳውን እመርጣለሁ። ሜዳ ቦታ፣ ሜትር፣ ፕላስተርና ካቻቢቴ ይበቃሉ። መጀመሪያ የጎማው ንፋስ ይስተካከል፤ የሹፌሩ ወንበር ላይም ሰው ይቀመጥ። ከመሬት እስከ መብራቱ መሃል ይለኩና ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉበት። መኪናውን 10 ሜትር አርቀው አጭሩን መብራት ያብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ካለ፣ ለብዙ መኪኖች ልክ ነው። (መብራቱ ላይ የተጻፈ መቶኛ ካለ ግን እሱን ይከተሉ፤ 1% ማለት በ10 ሜትር ርቀት 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት ነው።) ከፍ ካለ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጥበረብራል። በጣም ካዘቀዘቀ ደግሞ እግረኛውን ዘግይተው ያዩታል፤ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

የጋራዡ መሣሪያ በሌንስ ስለሚለካ ሰፊ ቦታ አይፈልግም። መኪናው ተጋጭቶ ወይም መብራቱ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ ከሆነ፣ ሳያመነቱ ወደዚያ ይሂዱ።

ዳሽቦርድ ላይ የከፍታ መቆጣጠሪያ ካለ፣ በሁለቱም መንገድ ከመለካትዎ በፊት ዜሮ ላይ ያድርጉት።