የአያታችንን ጥልፍ ያለ ሙጫ ለሰቀለችልን ፍሬም ሠሪ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አያታችን በእጃቸው የጠለፉትን፣ ዳሩን በዶቃና በዛጎል ያስጌጡትን የጥጥ ጨርቅ ለግድግዳ ያዘጋጀችልንን ባለሙያ በአደባባይ ልናመሰግናት እንወዳለን። እጇ ይባረክ። ሳናስፈቅዳት ስሟን እዚህ አንጽፍም፤ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጠይቀን፣ እናገናኛለን። ሥራዋን ግን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። ሌላ ፍሬም ሠሪ ዘንድ የምትሄዱ ብትሆኑም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል።

ትልቁ ምስጋናችን ሙጫ የሚባል ነገር ጨርቁ አጠገብ ስላላደረሰች ነው። ጨርቅ አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የደረቀ ሙጫ ግን አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ካልሆነም ሙጫው የሚያበቃበት መስመር ላይ ይቀደዳል። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ደግሞ ይብሳል። ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ይልምና ወደ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ጨርቁን ሳይጎዳ የሚያወጣው የለም። ስቴፕለር ይዝጋል፣ ዝገቱም ጥጡን ይበላዋል። የእሷ ሥራ ነገ ይፈታ ቢባል መቀስና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል፤ ጨርቁ እንደገባ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት «ተመልሶ ይወጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚያወላውል ከሆነ ዕቃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

መርፌ ከማንሳቷ በፊት ጨርቁን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሳች፤ የሳሳውን፣ የተቀደደውንና ዶቃ የጎደለበትን ቦታ ጻፈች። ቀጥላ ቀለሙን ፈተነች፦ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በተጣራ ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ በእያንዳንዱ ቀለም ክር ላይ ጥቂት ደቂቃ ተጭና ያዘችው። ቀዩ ክር ለቀቀ። ስለዚህ ማጠብ ቀረ። በዚህ ቆራጥነቷ በጣም ደስ ብሎናል፤ ታጥቦ ቀዩ ወደ ነጩ ከፈሰሰ መመለሻ የለውምና። አቧራውን በቫኪዩም አነሳችው፤ ኃይሉን ዝቅተኛ አድርጋ፣ ዶቃና የላላ ክር እንዳይሳብ በመካከሉ መረብ ዘርግታ። ካውያም አላስነካችውም። ሙቀት እድፉን ያጠነክራል፣ ከፍ ብሎ የቆመውን ጥልፍም ይደፈጥጠዋል።

የሱፍ ሥራ ያላችሁ ሰዎች ከዚህ በፊት ብልን አስቡ። የተለመደው መንገድ ዕቃውን በፕላስቲክ ከረጢት አየር እንዳያስገባ አሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ማቆየት ነው። ሲወጣ ከረጢቱ ሳይከፈት አንድ ቀን ይቆይ፤ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛው ጨርቁ ላይ ይወርዳል። ዶቃ፣ ቀለም ቅብ ወይም ቆዳ ያለበትን ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡ።

ወደ እኛው እንመለስ። ጀርባው ላይ ያረፈው ከንጹሕ ጥጥ የተሠራ፣ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ነው። ተራ ካርቶንና ኮምፔንሳቶ አሲድ ይተፋሉ፤ ከዓመታት በኋላ ጨርቁን ቡናማ የሚያደርጉትና የሚያደርቁት እነሱ ናቸው። ካርቶኑን በየጎኑ ከጥልፉ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጣ ቆረጠች፣ በላዩ ስስ የጥጥ ንጣፍ አለበሰች፣ ከዚያ አቡጀዲ ወጥራ ትርፉን ወደ ጀርባው አጥፋ በክር ወጠረችው። አቡጀዲውን አስቀድማ ማለስለሻ ሳትጨምር በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች፤ የፋብሪካው ስታርች ተባይ ይጠራል፣ ያልታጠበ አቡጀዲም በኋላ ይሰበሰብና ሥራውን ያጣምማል።

ስፌቱ ላይ ነው እውነተኛው ሙያ ያለው። ካርቶኑ ስለማይወጋ የምትጠቀመው ቆልማማ መርፌ ነው፤ መርፌው አቡጀዲውንና ንጣፉን ይዞ ይመለሳል። ጫፉ በድርና በማጉ መካከል ይገባል እንጂ ክሩን ራሱን አይወጋም። ክሩ ከጨርቁ የቀጠነና የደከመ መሆን አለበት፦ አንድ ቀን ክፈፉ ቢወድቅ ወይም ቢጎተት መበጠስ ያለበት የአያታችን ጨርቅ ሳይሆን የመስፊያው ክር ነው። ጠንካራ ናይለን «አስተማማኝ ነው» ብለው የሚሰፉ ብዙ ናቸው፤ ያረጀ ጥጥን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል።

ከላይኛው ጠርዝ መሃል ጀምራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሄደች፤ ከአንድ ጥግ ቢጀመር ጨርቁ ወደ አንድ ወገን ይሳባል። በላይኛው ጠርዝ ስፌቶቹ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፣ በጎኖቹና በታች ሰፋ ይላሉ። ክብደቱ ሁሉ በላይኛው ጠርዝ ላይ እንዳይንጠለጠል በመሃል በመሃሉ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ሌላ ረድፍ ሰፍታለች፣ ከጥልፉ ሥር ስለገባ አይታይም። እያንዳንዱ ዛጎል ለብቻው ተይዟል። ስፌቱ ጨርቁን ይይዘዋል እንጂ አይወጥረውም፤ ቀና ብላችሁ ስታዩት ትንሽ ላላ ያለ ቢመስል ልክ ነው።

ክፈፉ ጥልቅ፣ ሳጥን መሳይ ነው። ዛጎሎቹ 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚቆሙ መስታወቱን በ2 ሴንቲ ሜትር ማራራቂያ አርቃዋለች። መስታወት ጨርቅ ከነካ ጤዛው እዚያው ይቀራል፣ ሻጋታም ይከተላል። እንጨቱም አሲድ ስለሚያወጣ የክፈፉን የውስጥ ጎን በአሉሚኒየም ፕላስተር ሸፍናዋለች። እኛ በመስታወት ፋንታ አክሪሊክ (መስታወት መሳይ ፕላስቲክ) ይሁንልን ብለን ነበር፤ አልተስማማችም። አክሪሊክ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና የላላ ክርን ወደ ራሱ ይስባል፣ የእኛ ጥልፍ ደግሞ ዳሩ ዘርፍ አለው። አልትራቫዮሌትን፣ ማለትም ቀለም የሚያነጣውን በዓይን የማይታይ ጨረር፣ የሚያጣራ መስታወት መረጠች። ለትልቅ ክፈፍና ልጆች ለሚሯሯጡበት ቤት ግን አሁንም አክሪሊክን እንመርጣለን፤ አይከብድም፣ ተሰብሮም አይፈነጥርም።

ለመስቀያው ቀለበት ያላቸውን ሁለት ማንጠልጠያዎች ከላይ የቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ በብሎን አሰረች፤ ግድግዳው ላይም ሁለት መንጠቆ። በአንድ መንጠቆ የተሰቀለ ክፈፍ በር በተዘጋ ቁጥር ይዛነፋል። ከታች በሁለቱ ጥግ የተለጠፉት የጎማ ቁልፎች ከግድግዳው አርቀው አየር ያሳልፋሉ።

የሚያጣራው መስታወት ሁሉንም ይከላከላል ብላችሁ ፀሐይ ፊት አትስቀሉ፤ የሚታየውም ብርሃን ቀለም ያነጣል፣ ጉዳቱም እየተደመረ ይሄዳል። ለጨርቅ የሚመከረው 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። ባለሙያዋ በዓመት ውስጥ ጥቂት ወራት አውርዳችሁ ጨለማ ቦታ አሳርፉት ብላናለች። ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና ዝናብ የሚመታው ግድግዳ አይሆኑም፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሳል። መስታወቱን ስትወለውሉ ፈሳሹን በመወልወያችሁ ላይ እንጂ በመስታወቱ ላይ አትርጩ፣ በጠርዙ ሰርጎ ይገባል።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገራችሁ፦ ትዘገያለች። ለበዓል ወይም ለሠርግ ስጦታ የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ይህ ስፌት ተጣድፎ የሚሠራ አይደለም፣ እሷም አትጣደፍም። ስትሄዱ ጨርቁን አጥፋችሁ አትውሰዱ፣ እጥፋቱ ላይ ክር ይሰበራል። ዶቃና ዛጎል ያለበትን በንጹሕ አንሶላ መሃል ዘርግታችሁ በሰፊ ካርቶን ላይ አስተኝታችሁ ያዙት፤ ልሙጥ ጥልፍ ከሆነ በወፍራም ቱቦ ላይ የጥልፉን ፊት ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ማን እንደሠራው፣ መቼና ለማን እንደሠራው የምታውቁትን ሁሉ በእርሳስ ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ከክፈፉ ጀርባ በፖስታ አድርጋ ታያይዝላችኋለች።