ለአባዬ ዲኤክስ ሁለት ቀን ለለፋው ወንድማችን ምስጋና (ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ)

ሰላም ናችሁ የደብረ ብርሃን፣ የጫጫ፣ የደብረ ሲና ሰዎች፣ በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ ስራ ስራ እያልኩ ሳስተላልፈው ቆየሁ፣ ዛሬ ግን ሳልጽፍ አላድርም ብዬ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ስለ አባዬ መኪና ቀለምና ስለ ሲላንት ነው፣ ሲላንት ማለት ቀለሙን ለመጠበቅ ከላዩ የሚቀባ ስስ መከላከያ ነው። ይረዝማል ታገሱኝ፣ በተለይ መኪና ያላችሁ እስከታች አንብቡት፣ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ነው ያሳወቀኝ።

አባዬ መኪና አለው። ዲኤክስ ኮሮላ፣ በፈረንጅ 1982 የተሰራች፣ ቀይ። እኔ ሳልወለድ የተገዛች ናት፣ እናቴን ከደብረ ሲና ሙሽራ አድርጎ ያመጣት በሷ ነው፣ እኔንም ከሆስፒታል ቤት ያስገባኝ በሷ ነው። አሁን ጡረታ ከወጣ ቆይቷል ብዙም አይነዳትም፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ በወር አንዴ ደሞ ጣርማ በርን ተሻግሮ ሸዋሮቢት እህቱ ጋ፣ በቃ። ግን በየጠዋቱ ጋቢውን ደርቦ ወጥቶ ያያታል። ካለፉት ሁለት ሶስት አመታት ወዲህ ታዲያ ሲያያት ፊቱ ይከፋ ነበር። ቀይነቷ ጠፍቶ ኮፈኑና ጣሪያው ኖራ የነካው መስሎ ገርጥቷል፣ እጃችሁን ብታሳርፉበት መዳፋችሁ ላይ ቀይ ዱቄት ይቀራል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ደሞ "ሁለታችንም ደበዘዝን" ማለት አምጥቷል፣ እሱን ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ልክ ነው የኛ ሀገር ፀሐይ ብርዱ ስለሚሸፍናት ሰው አይጠረጥራትም እንጂ ክፉ ናት። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደሞ ቀለም የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። ቀን እሱ ይጠብሳታል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል፣ ጠዋት ጤዛው ከአቧራው ጋር ይደርቅባታል። በዛ ላይ ሰውም በድሏታል። አንዴ አንድ ላቫጆ ወስጃት አጥበው ሲጨርሱ እንድታብረቀርቅ ብለው በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ሙሉ አካሏን አሹልኝ። የዛን ቀን አበራች፣ በሶስተኛው ቀን የከተማው አቧራ ሁሉ ተለጥፎባት አመድ መሰለች፣ አባዬ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርገው ደሞ ጭረት በጭረት ሆነች። የላቫጆውን ስም አልጠራም፣ ልጆቹም ባለማወቅ ነው ያደረጉት፣ ብቻ እባካችሁ መኪናችሁ ላይ ናፍጣ አታስነኩ።

እንግዲህ የቢሮ ባልደረባዬ ነው ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚንከባከብ ልጅ አለ ያለኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ራሱ ስለለመነኝ አልጽፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ወጣት ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ አባዬን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነስቶ "ይግቡ አባባ" ብሎ ወንበር ሰጠውና መኪናዋን ለብቻው ሶስቴ ዞራት። ከዛ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ኪሱ ውስጥ ያለች ስስ ፌስታል አውጥቶ እጁን ከተተባትና ኮፈኑ ላይ ቀስ ብሎ አሻሸ። "እህቴ አንቺም ሞክሪው" አለኝ። በባዶ እጄ ስነካው ለስላሳ የመሰለኝ ላሜራ በፌስታሉ ስነካው ጤፍ የተበተነበት ነው የሚመስለው፣ ክርክር ክርክር ይላል። ይሄ ሁሉ ቀለሙ ውስጥ የተጣበቀ የፍሬን ብናኝ፣ የአስፋልት ጠብታ፣ የባህር ዛፍ ሙጫ ነው፣ ይሄ ሳይወጣ ከላይ ምንም ብትቀቢ ቆሻሻውን ነው የምታሽጊው አለኝ። እኔ እዛው ቆሜ አመንኩት።

መጀመሪያ ግን ዝገቱን አሳየን። የግራ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጫፍ ላይና በሩ ስር ሲኖ ትራክ የወረወረው ጠጠር የነደለው ቦታ አለ። "ይሄን እኔ አልነካውም፣ ይሄ የቀለም ቀቢ ስራ ነው፣ ሲላንት ጭረት አይሞላም ዝገት አያድንም ጠጠርም አይመክትም፣ የሚያደርገው ያለውን ቀለም ከፀሐይና ከውሃ ከወፍ ኩስ መጠበቅ ብቻ ነው" አለ፣ ዋጋውንም የዛኔውኑ ነገረን። ስራ ፈልጎ እያለ የማይችለውን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ስንቱ ነው?

ከዛ ስራው ተጀመረ። በሁለት ባልዲ ነው የሚያጥበው፣ አንዱ ሻምፖ ያለበት አንዱ ንጹህ ውሃ፣ ጓንቱን መኪናዋን በነካ ቁጥር ንጹሁ ውስጥ ያለቀልቀዋል፣ አሸዋው ተመልሶ እንዳይጭራት። ቀጥሎ ክሌይ የሚሉትን እንደ ሊጥ የሚለመጥ ነገር ሳሙና ውሃ እየረጨ በላሜራው ላይ አንሸራተተ፣ በየደቂቃው እያጠፈ አዲሱን ፊት እያወጣ፣ ሲያሳየኝ ነጩ ሊጥ ቡናማ ሆኗል።

ፖሊሹ ላይ፣ ማለትም የገረጣውን የላይኛ ቀለም በስሱ አሽቶ ማንሳቱ ላይ ሲደርስ ነው አባዬ የደነገጠው። ልጁ በእጁ፣ በማሽን እንኳን አይደለም፣ ለስለስ ባለ ስፖንጅ ክብ ክብ እያደረገ ኮፈኑን ሲያሽ ስፖንጁ ደም የነካው መሰለ። አባዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ልጄ፣ ቀለሜን እኮ እየላጥከው ነው!" አለ። ልጁ ስራውን አቁሞ እጁን ጠርጎ መጣና "አባባ አይስጉ፣ የዘመኑ መኪና ቀለሙ ላይ ክሊር የሚባል ቀለም የሌለው ሽፋን አለው፣ የርስዎ ዘመን መኪና ግን ይሄኛው ቀይ ክሊር የለውም፣ ቀለሙ ራሱ ነው ላዩ፣ ስለዚ ስፖንጁ መቅላቱ አይቀርም፣ እኔ የማነሳው ፀሐይ የገደለውን ብቻ ነው፣ ከስር ያለው በህይወት አለ፣ ይምጡ ይዩት" ብሎ እጁን ይዞ ወሰደው። ጨርቁን ሲያነሳ ኮፈኑ መሀል የመዳፍ ስፋት ያላት ቦታ እንደ በሰለ በርበሬ ቀልታ ወጣች። ዙሪያው ገርጥቶ መሀሉ ቀይ። አባዬ ዝም ብሎ ቆመ፣ ከዛ በጣቱ ጫፍ ነካት። እኔ ዞር አልኩ፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ማሽን ያልተጠቀመውም ለዚሁ ነው፣ ያረጀ ቀለም ላይ ምን ያህል እንደቀረ ስለማይታወቅ። የዘመኑ ክሊር እንኳን ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፣ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል፣ በየጊዜው በማሽን ፖሊሽ የምታስደርጉ ሰዎች ይሄን አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ ሲላንትና ሰም አንድ ይመስለኝ ነበር። ሰሙ፣ ካርናውባ የሚሉት፣ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ነው፣ ያምራል ግን ሳምንታት ነው የሚቆየው፣ ሙቀት አይወድም። ሲላንቱ ሰው ሰራሽ ነው፣ ፖሊመር፣ ቀለሙን ይዞ ይደርቃል፣ በደንብ ከተሰራ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይሄዳል። ሴራሚክ የሚባለው ደሞ ለአመታት የሚቆይ ነው ግን ዋጋውም ሌላ ነው፣ ልጁ ራሱ "ለዚች መኪና አያስፈልግሽም" ብሎ መለሰኝ። ሰም የሚወድ ሰው ከሲላንቱ በላይ መደረብ ይችላል፣ ሰም የተቀባ ላይ ሲላንት መቀባት ግን አይሆንም፣ ቅባቱ አያስይዘውም። ለዛ ነው ፖሊሹን ከጨረሰ በኋላ ሙሉ መኪናዋን በውሃ በቀጠነ አልኮል የጠረገው፣ የፖሊሹ ቅባት እንኳን እንዳይቀር።

እና ያስገረመኝ ትእግስቱ ነው። ኅዳር ነበር፣ የኛን ኅዳር ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ሳሩ ሁሉ ነጭ ነው። እኔ የምቸኩል ሰው ስለሆንኩ በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ይዤያት ልምጣ እንዴ ብዬው ነበር፣ "አይሆንም፣ እዚሁ ትደር" አለኝ። ላሜራው በፀሐይ የጋለ እንደሆነ ሲላንቱ ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ የበረደና ጤዛ ያረፈበት እንደሆነ ደሞ አይዝም፣ ሌላ ከተማ በሰአታት የሚደርቀው እዚህ ሲበርድ ይዘገያል፣ ስለዚ የሚቀባው በሩ ተዘግቶ ጥላ ውስጥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፣ እጁን ላሜራው ላይ አሳርፎ ብርዱ መልቀቁን ሳያረጋግጥ ጠርሙሱን አይከፍትም።

አቀባቡ ራሱ ያምራል። ስፖንጁ ላይ ሶስት ጠብታ፣ ከዛ በላይ የለም፣ ኮፈኑን ለአራት ከፍሎ አንዱን ክፍል መጀመሪያ ወደ ጎን ከዛ ወደታች እያሻገረ ይቀባዋል፣ እዛው ላይ ሆናችሁ ካላያችሁ የተቀባ አይመስልም በጣም ስስ ነው። ጥቂት ቆይቶ ጭጋግ ይመስላል። የዛኔ ጣቱን ሳይጫን ሸርተት ያደርጋል፣ ከስሩ ጥርት ያለ መስመር ከወጣ ደርሷል ይጠረጋል፣ ከተዝረከረከ ገና ነው። በማይክሮፋይበር ጠርጎ ጨርቁን ገልብጦ እንደገና። ጣሪያው፣ በሮቹ፣ የበሩ ውስጥ ጠርዝ ሳይቀር። የመጀመሪያው እጅ ያለቀው 9 ሰዓት ሲሆን ነው፣ በሩን ዘጋና "ዛሬ ውሃ ጤዛ አይነካትም፣ ነገ ሁለተኛውን እጅ" አለ።

አባዬ ወዶታል መሰለኝ "ልጄ ሶስት አራት እጅ አድርግልኝ፣ እከፍላለሁ" አለው። ልጁ ሳቅ ብሎ "አባባ ሁለተኛው እጅ እኮ ለማወፈር አይደለም፣ አንደኛው ላይ እጄ የሳተው ቦታ ካለ እንዲይዘው ነው፣ ከሁለት በኋላ የምቀባው ሲላንት ሳይሆን ብርዎን ነው" አለ። ወፍራም መቀባት ደሞ ጭራሽ ትርፍ የለውም፣ የተረፈው ተጠርጎ ጨርቁ ላይ ነው የሚቀረው። በመሀሉ አንድ ሌሊት የሚያሳድረውም አንደኛው እጅ በደንብ ሳይዝ ሁለተኛው ከመጣበት የመጀመሪያውን አሟሙቶ ይዞት ስለሚሄድ ነው። በማግስቱ በተነጋገርንበት ሰአት ሁለተኛውን እጅ ቀባ፣ በዛኛውም ሌሊት እዛው አሳደራት። ለሁለተኛው ቀን ጨምሩልኝ አላለም፣ መጀመሪያ ቀን የነገረንን ዋጋ ብቻ ተቀበለ።

ስንረከብ አባዬን ስለ አጠባበቅ ረጋ ብሎ ነገረው፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና አይነካት፣ የወፍ ኩስ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ፣ ከክረምት በፊትና ክረምት ሲወጣ አንዳንድ እጅ ይደረብላት። አንድ ነገር ግን አባዬን አሳዘነው። ሌሊት ሌሊት ከውርጩ ብሎ የሚያለብሳት የመንዝ ባና አለ፣ የእናቴ ባና ነው። ልጁ "አባባ አቧራ ያለባት ቀን አያልብሷት፣ ነፋስ ባናውን ባወዛወዘው ቁጥር አሸዋው ይፍቃታል፣ ይሄ ጣሪያው ላይ ያለው ጭረት ከሱ ነው" አለው። አባዬ አንገቱን ደፋ። ልጁ ወዲያው ገባውና "ታጥባ ንጹህ በሆነች ቀን ግን ይችላሉ፣ ባናውንም አራግፈው" ብሎ አስተካከለለት። እቺን እቺን ነው እኔ የማልረሳለት።

መኪናዋ ቤት በመጣች ማግስት ጠዋት አባዬ ከግቢ ሆኖ ስሜን ጠራኝ። ወጣሁ። ጤዛው ኮፈኑ ላይ እንደ ድሮው ተንጣሎ አልተኛም፣ ድቡልቡል ድቡልቡል ብሎ እንደ ሽምብራ ተቀምጧል፣ ፀሐይዋ ስትነካው አንዱ ከሌላው እየተገናኘ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ በሄደበት ቀዩ ይቀራል። አባዬ በጣቱ እየተከተለው ነበር። "እናትሽ ብታያት" ብቻ አለኝ።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ እጅህ ይባረክ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ጋራዥህን ያስፋልህ። አባዬ በየእሁዱ ከቤተክርስቲያን ሲወጣ "ያ ልጅ" እያለ ይመርቅሃል።

ልትሄዱ የምታስቡ ደሞ ልብ በሉ፣ አንድ መኪና ለሁለት ቀን ስለሚይዝ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ዛሬውኑ ጨርስልኝ ብላችሁ አታስጨንቁት አይሰራላችሁም፣ መኪናዋ እዛ እንደምታድር አውቃችሁ ሂዱ። ስልኩን በውስጥ እልክላችኋለሁ፣ ስራ ላይ ሆኖ ስለማያነሳ ከ11 ሰዓት በኋላ ደውሉለት።