የብራዚል የገጠር ዘፈን፦ ከቀድሞው ቪዮላ ወይስ ከአዲሱ ሶፍሬንሲያ ይጀመር?

ሰርታኔዦ የተባለውን የብራዚል የገጠር ዘፈን ማድመጥ የሚሻ ሰው፣ ቪዮላ በተባለው ጊታር መሰል መሣሪያ ከሚታጀበው የቀድሞ ዜማ ይጀምር ወይስ ሶፍሬንሲያ ከሚባለው የዘመኑ የፍቅር ስብራት ዘፈን ብሎ ማመንታቱ አይቀርም። ሁለቱም በዩቲዩብ በነጻ ስለሚገኙ ወጪው አያሳስብም።

ለጆሮ የሚቀልለው ሶፍሬንሲያ ነው፤ ታሪኩ ቢራ የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ የማይነሳ ስልክ፣ በእኩለ ሌሊት የተላከ መልእክት ነው። የቀድሞው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በ5 ጥንድ የተወጠሩት 10 የቪዮላ ክሮች ገና ሲመቱ፣ ሁለት ዘፋኞች አንዱ ከሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይለያዩ እስከ ስንኙ መጨረሻ አብረው ይወርዳሉ። ብራዚላዊው ጸሐፊ ኮርኔሊዮ ፒሬስ እ.ኤ.አ. በ1929 በሸክላ ማስቀረጽ የጀመረው ይህንኑ የገበሬ ዜማ ነው።

ጸጸታቸውም ይለያያል። በቀድሞው፣ የሸንኮራ አገዳ አረቄ የሆነውን ካሻሳ የሚጠጣው ሰው ያጣት ፍቅረኛውንም ትቶት የመጣውን መሬትም ያለቅሳል። በአዲሱ ሐዘኑ ከክህደት አይርቅም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 በ26 ዓመቷ በአውሮፕላን አደጋ ያረፈችው ዘፋኝ ማሪሊያ ሜንዶንሳ፣ ወንዶች በገነኑበት መድረክ የተካደችውን ሴት በራሷ አንደበት እንድትናገር አድርጋለች። ይህን እኔ እጅግ ትልቅ ነገር አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ስጋቱን በተመለከተ፣ ሶፍሬንሲያ መጠጥን የቁስል መድኃኒት አስመስሎ የሚያቀርብበት ጊዜ ስላለ፣ ከመጠጥ ጋር ለሚታገል ሰው አልመክረውም። የቀድሞው ችግር ደግሞ የገጠር አነጋገሩ ነው፤ ፖርቱጋልኛ የተማረውን እንኳ ያደናግራል።

ስለዚህ ትናንት ከፍቅረኛው የተለያየና ከሰው ጋር አብሮ መዝፈን የሚፈልግ ከሶፍሬንሲያ ይጀምር። ሐዘኑ የቆየ፣ ከአገሩም የራቀ ሰው ግን ብቻውን ሲሆን ቪዮላውን ይክፈት።