ወርድሪፈረንስ፦ ለስፓኒሽ «አስገባ»ና «አድርቅ» የሚሆን መዝገበ ቃላት

አንድ መዝገበ ቃላት ጥሩ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ በትንንሾቹ ግሦች ፈትኑት። የበሽታ ስም ወይም የመሣሪያ ስም ብዙ አያስቸግርም። አንድ መጠሪያ አለው፣ ታገኙታላችሁ፣ አለቀ። የሚያለፋው «አስገባ»፣ «ምጠጥ»፣ «አድርቅ» የሚለው ነው። የደም ስኳር መለኪያ መመሪያ፣ ቁስል አያያዝ ላይ ሐኪም ቤት የሚሰጠው ወረቀት፣ ሸሚዝ ውስጥ የተሰፋችው የአስተጣጠብ መለያ፣ ሁሉም በእነዚህ ግሦች የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ ወርድሪፈረንስን፣ የስፓኒሽና እንግሊዝኛ ክፍሉን ማለቴ ነው፣ በእነሱው እገመግመዋለሁ። አሜሪካ ክሊኒክና ፋርማሲ ውስጥ ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጋር የምትሠሩ ልጆች ይጠቅማችኋል።

ለማያውቀው ሰው፣ ወርድሪፈረንስ ማይክል ኬሎግ በ1999 የጀመረው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው። ነፃ ነው። የስልክ አፕም አለው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይተረጉምም፤ ቃል ወይም አጭር ሐረግ ነው የሚቀበለው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያያል። ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ መልስ አዘጋጅቶ አያጎርሳችሁም፣ አማራጮቹን ደርድሮ የቱ የት እንደሚገባ በአጭር ማብራሪያና በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያሳያችኋል፣ ከዚያ ምርጫው የእናንተ ነው።

«ኢንትሮዱሲር» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። መልኩ እንግሊዝኛው «ኢንትሮዲውስ» ይመስላል፤ ሰው ከሰው ማስተዋወቅ ግን በስፓኒሽ «ፕሬሴንታር» ነው። የባንክ ማሽን ላይ «ኢንትሮዱስካ ላ ታርሄታ» ሲል ካርዱን ያስገቡ ማለቱ ነው፤ እንግሊዝኛው «ኢንሰርት» ይላል። ቀጥሎ «ኢንትሮዱስካ ሱ ፒን» ይላል፤ ያኔ እንግሊዝኛው «ኢንተር» ነው። የስኳር መለኪያው ላይ ስትሪፑን፣ ደሙ የሚነካበትን ቀጭን ቁራጭ፣ ሲያስገቡ ደግሞ ተመልሶ «ኢንሰርት» ይሆናል። እኛም ካርዱንም የሚስጥር ቁጥሩንም «ያስገቡ» ስለምንል ልዩነቱ በራሱ አይታየንም። ወርድሪፈረንስ ሁለቱን ለየብቻ ስለሚያስቀምጣቸው ዓይናችሁ ወዲያው ይይዘዋል። «ኢንሴርታር» የሚል ሌላ ቃልም አለ፣ እሱ ቀላል ነው። በቤት ቋንቋ «ሜቴር» ይላሉ፤ መመሪያ ላይ ብዙም አታገኙትም።

ትልቁ ሥራ «ሴካር» ላይ ነው። ስፓኒሽ በአንድ «ሴካር» ብዙ ነገር ይሸከማል። እጅ በፎጣ ማድረቅ፣ ዕቃ ማድረቅ፣ ፈሳሽን በወረቀት መምጠጥ፣ ዝም ብሎ አየር ላይ መተው፣ ሁሉም «ሴካር» ነው። እንግሊዝኛ ግን የእጁን እንቅስቃሴ ራሱ ግሡ ውስጥ ይከተዋል። እየጠረጉ ከሆነ «ዋይፕ»፣ በስሱ እየነካኩ ከሆነ «ፓት»፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ አስነክቶ ፈሳሹን ማስመጠጥ ከሆነ «ብሎት»፣ አየር ላይ ከተተወ «ኤር ድራይ»። ስፓኒሽ እንቅስቃሴውን መናገር ሲፈልግ ጎኑ ላይ ይጨምራል፦ «ሴካር ዳንዶ ቶኬሲቶስ»፣ በስሱ ነካ ነካ እያደረጉ ማድረቅ። «ሴካር ሲን ፍሮታር»፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ።

የቋንቋ ሊቁ ሌናርድ ታልሚ ይህን ልዩነት በደንብ አብራርቶታል፣ ለእኛ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ስፓኒሽ «ኤንትሮ ኮሪዬንዶ» ይላል። እኛ «እየሮጠ ገባ» እንላለን። አሠራሩ አንድ ነው፤ ዋናው ግሥ መግባቱን፣ አጃቢው መሮጡን ይናገራል። እንግሊዝኛ «ራን ኢን» ብሎ ሩጫውን ዋና ግሥ ያደርገዋል። አማርኛ ተናጋሪ ስፓኒሹን በቶሎ የሚረዳው፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን የሚንገዳገደው ለዚህ ይመስለኛል። «ሴካር» ስታዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እጁ ምን እያደረገ ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ደግሞ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የተሰፋ ቁስል ላይ በደፈናው «ድራይ» ብቻ ካላችሁ ሰውየው በፎጣ ሊፈትገው ይችላል። «ፓት ድራይ» ማለት ያስፈልጋል። በተቃራኒው አዲስ የተወለደ ሕፃን ተረከዙ ተወግቶ ደሙ ወረቀት ካርድ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ካርዱ አግድም ተቀምጦ ቢያንስ ለ3 ሰዓት በራሱ አየር ላይ መድረቅ አለበት። እዚያ «ሴካር» የሚለውን «ብሎት» ብሎ የተረጎመ ሰው ናሙናውን አስመጥጦ አበላሸው ማለት ነው። ሁለቱም የስፓኒሽ ወረቀቶች ላይ ያለው ግሥ አንድ ነው! ሕፃኑ ድጋሚ ይወጋል እኮ።

ታዲያ ወርድሪፈረንስ እዚህ ላይ ምን ያህል ይረዳል? ከስፓኒሹ ጎን «ሴካር» ብላችሁ ብትገቡ ቀድሞ የሚቀበላችሁ «ድራይ» ነው። የእኔ ምክር ዞሮ መግባት ነው። እንግሊዝኛውን «ብሎት» ጻፉና ወደ ስፓኒሽ የሚሰጠውን ተመልከቱ፣ ከዚያ መልሳችሁ አመሳክሩ። «ፓፔል ሴካንቴ» ማለት የቀለም መምጠጫ ወረቀት መሆኑን አንዴ ካወቃችሁ መንገዱ ይከፈታል። ስም ሲሆን «ብሎት» የቀለም ጠብታ እድፍም ነው፣ ያኔ ስፓኒሹ «ማንቻ» ወይም «ቦሮን» ይላል።

ላብራቶሪ ውስጥ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ «ብሎት» ማድረቅ አይደለም። ዲኤንኤ ወይም ፕሮቲን ጄል ከሚባለው ዝልግልግ ነገር ሜምብሬን ወደሚባለው ስስ ሽፋን ማሸጋገር ነው። ኤድዊን ሳውዘርን ዘዴውን ለዲኤንኤ በ1975 አሳተመ፣ በስሙም ሳውዘርን ብሎት ተባለ። ስሙ በእንግሊዝኛ «ደቡባዊ» ማለትም ስለሆነ ሌሎቹ በአቅጣጫ ስም ቀጠሉበት፦ የአርኤንኤው ኖርዘርን (ሰሜናዊ)፣ የፕሮቲኑ ደግሞ ዌስተርን (ምዕራባዊ) ተባለ፤ ይህን የመጨረሻውን ስም ኒል በርኔት በ1981 አወጣው። ስፓኒሾቹ እንዳለ «ዌስተርን ብሎት» ይላሉ፣ ወይም «ትራንስፌሬንሲያ»። ለእንዲህ ዓይነቱ ልዩ ሙያ ወርድሪፈረንስ ሳሳ ይልብኛል። ሊንጉዊ ይሻላል፣ እሱ በሁለቱም ቋንቋ የወጡ እውነተኛ ሰነዶችን ጎን ለጎን ያሳያል። የስፓኒሹን ፍቺ ራሱን ለማጣራት ደግሞ የስፔን የቋንቋ አካዳሚ መዝገበ ቃላት በነፃ ይነበባል።

የልብስ መለያ ላይ ያለው የማድረቅ ቋንቋ ደስ ይላል። «ቴንዴር» ልብስ ማስጣት ነው። «ሴካር አ ላ ሶምብራ» ጥላ ውስጥ አድርቁ። ስፔን ውስጥ «ሴካዶራ» የልብስ ማድረቂያ ማሽን፣ «ሴካዶር» የፀጉር ማድረቂያ ነው፤ ሜክሲኮ ስትሄዱ ለፀጉሩም «ሴካዶራ» ይላሉ። እንዲህ ዓይነት የአገር ልዩነት ወርድሪፈረንስ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ይደረግበታል።

ሌላም አለ። የስፓኒሽ መመሪያ «ሴካር ቢየን» ብሎ በንዑስ አንቀጽ ማዘዝ ይወዳል፤ እኛም «በደንብ ማድረቅ» ብለን እንጽፋለን። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ «ቱ ድራይ» ተብሎ አይቀርም፣ ትእዛዝ መሆን አለበት፦ «ድራይ ቶሮሊ»። የማሽን ተርጓሚ ባለ ሁለት ቃል መለያ ሲሰጡት ይህን ሊስት ይችላል፣ ዙሪያውን የሚያይበት ጽሑፍ ስለሌለው።

አሁን ወደ ተጠቃሚዎቹ የመወያያ መድረክ። ከእያንዳንዱ ቃል በታች ስለዚያ ቃል ሰዎች የተጠያየቁት ይዘረዘራል። ለእኔ የወርድሪፈረንስ ሀብት ይሄ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ስትጠይቁ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩንና ከየት እንደመጣ መጻፍ አለባችሁ። በዚህ ምክንያት መልሱ እውነተኛ ይሆናል፣ ስፔናዊው እንዲህ ነው ይላል፣ አርጀንቲናዊው እኛ ጋ እንዲህ አይባልም ይላል፣ እንግሊዛዊው ይገባበታል። ጠያቂው ዓረፍተ ነገሩን ሳያሟላ ሲቀር መጀመሪያ የሚመጣለት መልስ «ሙሉውን ጻፍልን» ነው። ክርክሩ ሳይቋጭ የቀረባቸው ገጾችም አሉ፤ ያኔ ጊዜ ይበላል።

ማስታወቂያው ይበዛል፣ ስልክ ላይ በተለይ ያናድዳል። ዋጋ ስለማይጠየቅበት እችለዋለሁ።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ማበስ፣ መጥረግ፣ ማስመጠጥ፣ ማስጣት፣ ማንጠፍጠፍ የሚል ቋንቋ እዚያ መድረክ ላይ ቢቀመጥ ስንቱን ጥያቄ በመለሰ ነበር። ባለቤቶቹ አንድ ቀን ይጨምሩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፈቃደኛ ከፈለጉ እኔ አለሁ።